የቤዝ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ማሻሻያዎች ሲነጻጸሩ፦ የትኛው ለየትኛው ድምፅ?

ድምፅ የሚያሻክረውን ኦቨርድራይቭ ፔዳላቸውን ለማሻሻል የሚነሱ ቤዝ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቺፑ ነው። ባለ ስምንት እግሩ ጥቁር ቁራጭ ይነቀልና ስሙ የገነነ ሌላ ይተካበታል፤ ፔዳሉ ይዘጋል፤ ለጥቂት ቀናትም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው ይባላል። በእኔ ግምት ግን ለቤዝ ከሚደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ ውጤቱ አነስተኛ የሆነው ይኸው ነው። የቤዝ ኦቨርድራይቭን መልክ የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምን ያህል ወፍራም ድምፅ ወደ ቆራጩ ክፍል (የሞገዱን ጫፍ ቆርጦ ድምፁን ወደሚያሻክረው) ይገባል? ምን ያህሉስ ሳይቆረጥ በጎን ያልፋል? የመጀመሪያውን አንድ ካፓሲተር (ፈጣኑን ሞገድ በቀላሉ፣ ዝግተኛውን በጭንቅ የሚያሳልፍ ክፍል) ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን የንጹህ ድምፅ ቅልቅል። ዳዮድ (ሞገዱን የሚቆርጠው ክፍል)፣ ቺፕ፣ ቮልቴጅ የመሳሰሉት ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ወፍራሙ ድምፅ የት ይገባል?

የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በባለ አምስት ክሩ ላይ ያለው ቢ ወደ 31 ሄርዝ ይወርዳል። የጊታር ወፍራም ኢ ደግሞ 82 ሄርዝ ነው። አብዛኛው የታወቀ የኦቨርድራይቭ ሰርኪዩት የተነደፈው ለዚህ ለመጨረሻው ነው፤ ጊታር ሲቆረጥ እንዳይጨማለቅ ተብሎም ከመቆረጡ በፊት ወፍራሙ ክፍል ሆን ተብሎ እንዲያንስ ይደረጋል። ለጊታር ጥበብ የሆነው ነገር ለቤዝ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ለምሳሌ የኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርን እንውሰድ። ይህን የመረጥኩት ሰርኪዩቱ በብዙ ሌሎች ፔዳሎች ውስጥ ተገልብጦ ስለሚገኝ ነው፤ የእናንተ ፔዳል ስሙ ሌላ ቢሆንም ሲከፈት ይህንኑ ልታገኙ ትችላላችሁ። በማጉያው ክፍል ውስጥ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ47 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ ሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት ነጥብ፣ ይወርዳሉ። ሁለቱ ተጋግዘው የሚሠሩት ድንበር 720 ሄርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጉላቱ እያነሰ ይሄዳል። ድራይቩ (የጉላቱ ማዞሪያ) እስከ ጥግ ሲዞር 1 ኪሎ ሄርዝ ላይ ያለው ድምፅ ከ90 እጥፍ በላይ ይጎላል፤ 41 ሄርዝ ላይ ያለው ግን ወደ 7 እጥፍ ብቻ። ድራይቩ ዝቅ ሲል ደግሞ ወፍራሙ ኢ ከነበረበት እምብዛም አይጨምርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ወፍራሙ ድምፅ ተቆርጦ አይጣልም፤ ከመካከለኛው ያነሰ ይጎላል እንጂ። ፔዳሉን ስትጫኑ አጠቃላይ ድምፁ እንዳይጮህ የሌቭል ማዞሪያውን ትቀንሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ክፍል ከሌላው ጋር አብሮ ይወርዳል። ከበሮና ጊታር ሲጨመሩበት የጠፋ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የራሳችሁን ፔዳል ድንበር ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። የሬዚስተሩን ዋጋ በኪሎ ኦም፣ የካፓሲተሩን በናኖ ፋራድ አድርጋችሁ አባዙ፤ 159,000ን ለውጤቱ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር በሄርዝ ነው። ይህች ስሌት ከማንኛውም ምክር በላይ ከከንቱ ሥራ ታድናለች። ለምሳሌ «ለቤዝ ከሆነ የመግቢያውን ካፓሲተር አሳድጉ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። በቲዩብ ስክሪመር መግቢያ ላይ ያለው 20 ናኖ ፋራድ ከ510 ኪሎ ኦም ጋር ሲሰላ ድንበሩ 16 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። ከባለ አምስት ክሩ ቢ በታች ነው፤ እሱን ማሳደግ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከመክፈት በፊት የሚደረግ ሙከራ

የትኛው ማሻሻያ እንደሚስማማችሁ መበየጃ ሳታሞቁ ማወቅ ይቻላል። ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ካላችሁ ከፔዳሉ በፊት አድርጉትና 80 ሄርዝ አካባቢ ከፍ አድርጉ። ድምፁ ወፍሮና ጎርነን ብሎ ካስደሰታችሁ የምትፈልጉት ትልቅ ካፓሲተር ነው። ድምፁ ከተጨማለቀ ግን ካፓሲተሩን አትንኩ። ቀጥሎ ኢኳላይዘሩን ከፔዳሉ በኋላ አዙሩትና ያንኑ አካባቢ ከፍ አድርጉ። በዚህ ከተስተካከለ ችግራችሁ ያለው ከመቆረጥ በኋላ ነው፤ የምትፈልጉት ቅልቅል ነው ማለት ነው።

ቅልቅልን ለመሞከር ደግሞ ኮምፒውተር ይበቃል። አንድ መስመር ቤዝ ንጹሁን ቅዱ፤ ያንኑ ቅጂ በፔዳሉ ውስጥ መልሳችሁ አሳልፉና በሁለተኛ መስመር ቅዱ፤ ከዚያ ሁለቱን እያደባለቃችሁ ስሙ። ከኮምፒውተሩ ሲወጣ ድምፁ ፔዳሉ ከሚጠብቀው በላይ እንዳይጮህ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ መስመሮች በጊዜ እኩል መግጠማቸውንም ተመልከቱ፤ በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር መዘግየት እንኳ ውጤቱን ያበላሻል። ይህ ሙከራ ከጨዋታችሁ ጋር የሚመጣውን ልዩነት ስለሚያስቀር፣ ሁለት ዳዮዶችን ወይም ሁለት ቺፖችን ለማነጻጸርም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አንድ ማሳሰቢያ። ቅሬታችሁ «ከላይ ያፏጫል፣ ጆሮ ይበላል» የሚል ከሆነ መጀመሪያ የቤዝ ስፒከራችሁን ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) አጥፉ። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ራሱ ያስቀራል፤ ትዊተር ያለው የቤዝ ካቢኔት ግን ያንን ሁሉ ፍሽታ ሳይሰስት ያሰማል። ከፔዳሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስትገቡም እንዲሁ ነው። ስንቱ ፔዳል በትዊተር ጥፋት ተወቅሶ ተሸጧል!

አማራጭ አንድ፦ ካፓሲተሩን መቀየር

ከሁሉም ርካሽና ቀላል የሆነው ይህ ነው። አንድ ካፓሲተር ይነቀላል፤ አንድ ይተካል። በቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ሰርኪዩት ውስጥ 4.7 ኪሎ ኦሙ እንዳለ ሆኖ፣ ድራይቩ እስከ ጥግ ሲዞር ዋጋዎቹ የሚሰጡት ውጤት ይህን ይመስላል፦

| ካፓሲተር | ድንበር | የ41 ሄርዝ ጉላት |
|---|---|---|
| 47 ናኖ ፋራድ (የነበረው) | 720 ሄርዝ | 7 እጥፍ |
| 100 ናኖ ፋራድ | 339 ሄርዝ | 14 እጥፍ |
| 220 ናኖ ፋራድ | 154 ሄርዝ | 30 እጥፍ |
| 470 ናኖ ፋራድ | 72 ሄርዝ | 58 እጥፍ |
| 1 ማይክሮ ፋራድ | 34 ሄርዝ | 90 እጥፍ |

ብዙ ሰው ሰንጠረዡን አይቶ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሮጣል። ቤዝ ነውና የሚበዛው ይሻላል ብሎ። እኔ ግን 100 ወይም 220 ላይ እንድትቆሙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

ቤዝ ክር ሲመታ አንድ ትልቅና ዝግተኛ ሞገድ ይነሳል፤ በላዩ ላይ ደግሞ የጣቱን ንክኪ፣ የብረቱን ጥርት፣ የኖታውን ማንነት የሚነግሩን ትንንሽ ፈጣን ሞገዶች ይሄዳሉ። ትልቁ ሞገድ ብቻውን ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ፣ በላዩ ላይ ያሉት ትንንሾቹ በማዕበል ጫፍ ላይ ሆና ድልድይ ስር እንደገባች ጀልባ ይደቀቃሉ፤ ሞገዱ ወደ ታች ሲመለስ ለአፍታ ብቅ ይላሉ፤ እንደገና ይጠፋሉ። ይህ በሰከንድ 41 ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ የሚሰማው ብስብስ ያለ፣ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ነው። ሁለት ክር በአንድ ጊዜ ሲመታ ይብሳል። ቆራጭ ሰርኪዩት ከገቡት ድምፆች ድምርና ልዩነት አዳዲስ ድምፆችን ይፈጥራል፤ ከወፍራሙ ኢ ጋር 62 ሄርዝ የሆነውን ቢ ብታጫውቱ የልዩነታቸው ድምፅ 21 ሄርዝ ገደማ ላይ ይወለዳል። ስፒከሩን ከማንቀጥቀጥ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ 470 ናኖ ፋራድና ከዚያ በላይ የሚስማማው ወደ ፈዝ (ከኦቨርድራይቭ ይበልጥ የሚያሻክር ፔዳል) የተጠጋ፣ አሮጌና ወፍራም ጉርምርምታ ለሚፈልግ፣ ዝግ ብሎ ነጠላ ኖታ ለሚጫወት ሰው ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ያ መጨማለቅ ራሱ ውበት ይሆናል። ፈጣን መስመር የሚጫወት፣ በፕሌክትረም (በክር መምቻ ቁራጭ) የሚመታ፣ ወይም ሁለት ክር የሚያጣምር ሰው ግን ከ220 ቢያልፍ ይጸጸታል።

የካፓሲተሩ ዓይነትስ? የፊልም (ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው) ካፓሲተር ውሰዱ፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ባሕርይውም የረጋ ነው። ለድምፅ ብቻ የተሠራ ተብሎ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጠውን ግን ተዉት፤ የናኖ ፋራድ ቁጥሩ እኩል ከሆነ የሚሰማ ልዩነት አትጠብቁ። ይልቅ መጠኑን አስተውሉ፤ 1 ማይክሮ ፋራድ የፊልም ካፓሲተር በጠባብ ሳጥን ውስጥ ክዳን አላስዘጋ ማለቱ የተለመደ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ የንጹህ ድምፅ ቅልቅል

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢሊ ሺሃን ወፍራሙን ድምፅ ንጹህ አድርጎ፣ ቀጭኑን ደግሞ አሻክሮ በተለያየ መስመር በማጫወት የታወቀ ነው። ቦስ በ1994 ያወጣው ኦዲቢ-3 የተባለው የቤዝ ኦቨርድራይቭ ባላንስ የሚል ማዞሪያ ያለው፣ ኢባኔዝም ለቤዝ ባዘጋጀው ቲኤስ9ቢ ላይ ሚክስ የሚል ማዞሪያ የጨመረው ለዚሁ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ወደ ቆራጩ ሳይገባ በጎን ያልፋል፤ ቆራጩ መካከለኛውንና ቀጭኑን ብቻ ያሻክራል፤ ሁለቱ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ኖታው መሠረቱን ሳይለቅ ይጎረንናል።

ሥራው ከካፓሲተር መቀየር ይከብዳል። ከመግቢያው ማለስለሻ (ባፈር፣ ድምፁን ሳይለውጥ አቅም የሚሰጠው ክፍል) በኋላ ንጹሁ ድምፅ ይቀዳል፤ ከሌቭል ማዞሪያው በኋላ ደግሞ የተቆረጠው። ሁለቱም በየራሳቸው አነስተኛ ማጉያ ካለፉ በኋላ በ100 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ባለ ሦስት እግር ማዞሪያ) ሁለት ጫፎች ላይ ይገባሉ፤ ከመሃል እግሩ የሚወጣው ድብልቁ ነው። ለማጉያዎቹ ቲኤል072 የተባለ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቺፕ ይበቃል። ፖቴንሽዮሜትሩ ሊኒያር፣ ማለትም በዞረው ልክ እኩል የሚለወጥ፣ መሆን አለበት። መሃል ላይ ሲቆም ሁለቱም በግማሽ፣ ማለትም በ6 ዴሲቤል ይወርዳሉ፤ አብረው የሚነሱና አብረው የሚወርዱ ወፍራም ሞገዶች ግን ተደምረው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ማዞሪያው የትም ቢቆም የቤዙ መሠረት የማይናጋው በዚህ ነው።

«አብረው የሚነሱና የሚወርዱ» ያልኩት ላይ ግን ብዙ ቅልቅል ይከሽፋል። አንዳንድ ሰርኪዩቶች ድምፁን ገልብጠው ያወጣሉ፦ የመጣው ሲነሳ የሚወጣው ይወርዳል። አንድ ገልባጭ ክፍል ካለ ይገለበጣል፤ ሁለት ካሉ ተመልሶ ይቃናል። የተገለበጠውን ከንጹሁ ጋር ስታደባልቁ ወፍራሞቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ማዞሪያው መሃል ሲደርስ ቤዙ ስልል ብሎ የስልክ ድምፅ ይመስላል። ምልክቱ ግልጽ ስለሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ቲዩብ ስክሪመርና ዘመዶቹ አይገለብጡም፤ ስለዚህ ለቅልቅል የተመቹ ናቸው። የእናንተው የሚገለብጥ ከሆነ ከንጹሁ መስመር ላይ አንድ ገልባጭ ክፍል ጨምሩ።

ሌላው ቅሬታ ስውር ነው። ቅልቅል የተሠራለት ፔዳል አንዳንዴ ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ የሚጫወት ያስመስላል፤ ከታች አንድ ንጹህ፣ ከላይ አንድ ሻካራ፣ በመካከላቸው ክፍተት። ይህ የሚሆነው የንጹሁ መስመር የጣቱን ንክኪና የብረቱን ጥርት ጭምር ይዞ ስለሚመጣ ነው። መፍትሔው ከንጹሁ መስመር ቀጭኑን መቀነስ ነው። ተከታታይ 10 ኪሎ ኦምና ወደ መሬት የሚወርድ 47 ናኖ ፋራድ ድንበሩን 339 ሄርዝ ላይ ያቆሙታል፤ 100 ናኖ ፋራድ ብታደርጉት 159 ላይ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ንጹሁን በጣም ስለሚያደበዝዘው ሻካራው ብቻውን ፊት ለፊት ይቀራል።

በሁለቱ መካከል መምረጥ

ሁለቱን ብቻ አስቀምጣችሁ ምረጥ ብትሉኝ፣ በባንድ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ቅልቅሉን እመርጣለሁ። ከበሮና ጊታር በተሞላበት ቦታ ላይ የቤዙ መሠረት መቆየቱ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ካፓሲተሩ ደግሞ ባንዱ አነስተኛ ሲሆን፣ ለምሳሌ ቤዝና ከበሮ ብቻ ሲሆኑ፣ ያሸንፋል፤ ቦታውን ሁሉ የሚሞላ ወፍራም ሻካራ ድምፅ ያስፈልጋልና ንጹህ መሠረት ያለው ድምፅ እዚያ ይሳሳል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል፤ ግን አቅጣጫው ብዙዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነው። ቅልቅል ካላችሁ ካፓሲተሩን ማሳደግ አያስፈልግም፤ በነበረበት 47 መተው ወይም ቢበዛ 100 ማድረግ ይሻላል። ወፍራሙ በጎን እያለፈ ስለሆነ ወደ ቆራጩ የሚገባው ባነሰ ቁጥር ሻካራው ይጠራል።

የሥራው ክብደትም ከምርጫው መቆጠር አለበት። ካፓሲተር ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ነው። ቅልቅል ግን ተጨማሪ ቦርድ፣ ተጨማሪ ቀዳዳ በሳጥኑ ላይ፣ የሽቦ ጥልፍልፍና ቦታ ይፈልጋል። ትንሿ ሳጥን ውስጥ ቦታ ከሌለ ከሳጥኑ ውጭ መፍትሔ አለ፤ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ዳዮዶቹ

ሲመታ ይታፈናል፣ ጣቴ ቢለሰልስም ቢጠነክርም አንድ ነው የሚል ሰው ችግሩ እዚህ ነው። ዳዮዶቹ የሞገዱ ጣሪያ ናቸው። በአብዛኛው ፔዳል ውስጥ ያሉት እንደ 1ኤን914 ወይም 1ኤን4148 ያሉ የሲሊከን ዳዮዶች 0.6 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆርጣሉ። እንደ 1ኤን34ኤ ያሉት የጀርማኒየም ዳዮዶች በግማሹ ያህል፣ 0.3 ቮልት ገደማ ላይ። ቀይ ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጠው ትንሽ ዳዮድ) 1.7 ቮልት አካባቢ።

ለቤዝ የእኔ ምርጫ ቀይ ኤልኢዲ ነው። ጣሪያው ከፍ ስለሚል የጣት ልዩነት ይሰማል፤ ድምፁም ይጨምራል። ጀርማኒየም ለጊታር ያለውን ዝና ለቤዝ ሲሆን አላየሁበትም፤ ቶሎ ይቆርጣል፤ ድምፁ ያንሳል። በአንዱ ወገን ሁለት፣ በሌላው አንድ ዳዮድ ማድረግ ደግሞ ቦስ በኤስዲ-1 ላይ የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ ሞገዱ ላይና ታች እኩል ስለማይቆረጥ የድምፁ ቀለም ይለወጣል። ለቤዝ ሞቅ ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ለመሞከርም አንድ ዳዮድ ብቻ መጨመር ይበቃል።

ይህን ጉዳይ ይበልጥ አስደሳች የሚያደርገው በቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ሰርኪዩት ውስጥ ዳዮዶቹ ያሉበት ቦታ ነው። የተቀመጡት በማጉያው መልስ መስመር ላይ፣ ማለትም ከመውጫው ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ ላይ፣ ነው፤ ሲከፈቱ የሚወጣው ድምፅ የገባው ንጹህ ሞገድ ሲደመር የዳዮዱ ቮልቴጅ ይሆናል። ማለትም ሰርኪዩቱ ከተፈጥሮው ጥቂት ቅልቅል አለው። ክሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ንጹሁ ድርሻ ይጨምራል። የዳዮዱ ቮልቴጅ ባነሰ ቁጥር የንጹሁ ድርሻ ይበልጣል፤ ኤልኢዲ ሲሆን ደግሞ የሻካራው ድርሻ ይሰፋል። ስለዚህ ኤልኢዲ ያስገባ ሰው ድራይቩን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ መጀመር አለበት። ዳዮዶቻቸው ወደ መሬት በሚወርዱት እንደ ፕሮኮ ራት ባሉት ፔዳሎች ውስጥ ይህ ቅልቅል የለም፤ የተቆረጠው ተቆርጦ ይቀራል። ለዚያ ነው ራት ለቤዝ ሲሆን የውጭ ቅልቅል ይበልጥ የሚያስፈልገው።

ፍሽታውን መቀነስ

ትዊተሩ ጠፍቶም ጆሮ የሚያሳክክ ከሆነ፣ ከዳዮዶቹ ጎን ለጎን ያለውን ትንሽ ካፓሲተር ፈልጉ። በቲዩብ ስክሪመር 51 ፒኮ ፋራድ ነው፤ ድራይቩ እስከ ጥግ ሲዞር ከ5.7 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን መቀነስ ይጀምራል። 100 ፒኮ ፋራድ ሲደረግ ድንበሩ ወደ 2.9 ይወርዳል። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ ፕሌክትረሙ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ጥርት አብሮ ይሄዳል። በተቃራኒው ድምፁ የታፈነባችሁ ከሆነ በቶን ክፍሉ ውስጥ ያለውን 220 ናኖ ፋራድ በ100 ብትተኩት ድንበሩ ከ723 ወደ 1,590 ሄርዝ ይወጣል፤ ቤዙም ከጊታር ጀርባ ወጥቶ ይሰማል።

ቺፕ፣ 18 ቮልት፣ ማለፊያ

በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በቲዩብ ስክሪመር ውስጥ የሚገኘውን ቺፕ፣ ጄአርሲ4558ን፣ በቲኤል072 ወይም በኤንኢ5532 መተካት በዋናነት የሚለውጠው ሽሽታውን ነው። ኤንኢ5532 ከሦስቱ ጸጥተኛው ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ በብዛት ስለሚጠጣ በባትሪ ለሚጫወት አይመችም። ድምፁን የሚቆርጡት ዳዮዶቹ እንጂ ቺፑ ስላልሆነ የድምፁ ቀለም እዚያው ነው። ልዩ የሚሆነው የድሮው ራት ነው፤ በውስጡ የነበረው ኤልኤም308 እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ዝግመቱ ራሱ የድምፁ አካል ነበር። እዚያ ላይ ቺፕ መቀየር በእርግጥ ይሰማል።

ወደ 18 ቮልት ማሳደግም እንዲሁ ብዙ ተወርቶለታል። ዳዮዶች ባሉበት ፔዳል ጣሪያውን የሚወስኑት እነሱ ናቸውና ቮልቴጁ ቢታጠፍ ጣሪያው ከፍ አይልም። በአንጻሩ አደጋው ተጨባጭ ነው፦ በውስጡ 16 ቮልት የሚል የተጻፈባቸው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ካሉ 18 አይችሉም። በ9 ቮልት ብቻ እንዲሠሩ የተሰየሙ ፔዳሎች ላይ ይህን አትሞክሩ።

ማለፊያውን በሜካኒካል ማብሪያ መቀየር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲጠፋ ድምፁ ምንም ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ፔዳሉ ሲበራ ያለውን ድምፅ አይቀይረውም። ረጅም ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ እንዲያውም የነበረው ማለስለሻ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ሳይከፍቱ መፍታት

ዘመናዊ ፔዳል ከፍታችሁ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ በቦርዱ ገጽ ላይ የተለጠፉ ክፍሎች ካያችሁ ክዳኑን መልሱት። እነሱን ለመንቀል ሌላ ችሎታና ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የቦርዱ መስመር ከተላጠ ደግሞ ፔዳሉ አበቃለት። ብርቅ የሆነ አሮጌ ፔዳልንም እንዲሁ ተዉት፤ እንደተሠራ የቆየ ቲኤስ808 (የድሮው ቲዩብ ስክሪመር) መበየጃ ከነካው ዋጋው ይወርዳል።

ለእነዚህ የሚሆነው የውጭ ቅልቅል ነው፦ መላኪያና መመለሻ ያለው፣ ማንኛውንም ፔዳል በመካከሉ አስገብቶ ከንጹሁ ጋር የሚያደባልቅ ለብቻው የሚሸጥ ሳጥን። ሲገዛ ድምፅ መልሶ የሚገለብጥ ማብሪያ ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ገንዘቡ ከካፓሲተር ይበልጣል፤ ግን ለአንድ ፔዳል ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ነገ ፈዝ ብትገዙ ለእሱም ይሆናል። ለእኔ ይህ ከብዙ የውስጥ ማሻሻያ የተሻለ ገንዘብ ማውጫ ነው።

ለሚከፍቱት

ከ25 እስከ 40 ዋት የሆነ መበየጃ፣ የቀለጠ ቆርቆሮ የሚመጥ ፓምፕና መልቲሜትር በቂ ናቸው። የሚነቀለውን ክፍል ቦታ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የነበሩትን ክፍሎች በትንሽ ከረጢት ውስጥ አስቀምጡ። ካፓሲተሩንና ዳዮዶቹን በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ ትንንሽ መሰኪያዎች በየዱና ክፍሎቹን እየሰካችሁ እየነቀላችሁ ስሙ። ስታነጻጽሩ የሌቭል ማዞሪያውን በየጊዜው አስተካክሉ፤ ጆሮ ትንሽ ጮኽ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ ነው ይላል። ብቻችሁን ሳይሆን ከበሮ ያለበት ቅጂ እያጫወታችሁ ስሙ፤ ለብቻው ግሩም የነበረው ወፍራም ድምፅ ከከበሮ ጋር ሲሆን ከትልቁ ከበሮ ጋር ሲጣላ ታገኙታላችሁ።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ፔዳሉን በ9 ቮልት አብሩና የመልቲሜትሩን ጥቁር ዘንግ ከመሬት ጋር አድርጋችሁ የቺፑን 1ኛና 7ኛ እግሮች ለኩ። ሁለቱም 4.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለባቸው። አንደኛው ወደ ዜሮ ወይም ወደ 9 ከተጠጋ አንድ ቦታ ላይ የተረሳ ብየዳ ወይም ሁለት ነጥብ ያገናኘ የቆርቆሮ ጠብታ አለ፤ 8ኛው እግር ራሱ 9 ቮልት ካላገኘ ደግሞ ችግሩ ከቺፑ በፊት፣ በኃይል መስመሩ ላይ ነው።